የመስመር ቋንቋ

ሰው ሐሳቡን ለሰው የሚያስተላልፍባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። በአንደበቱ ይናገራል፤ በብዕሩ ይጽፋል፤ ሁለቱም በማይበቁበት ጊዜ በእጁ ምልክት ይሰጣል። እናንተ ተማሪዎች በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የምትማሩት አጥርቶ መናገርንና አጥርቶ መጻፍን ነው። እኔ ግን ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ ሌላ ቋንቋ ነው። ይህ ቋንቋ ድምፅ የለውም፤ ፊደሎቹም ጥቂት ናቸው፤ ይሁን እንጂ እንደ ማንኛውም ቋንቋ የራሱ ሰዋስው አለው። ስሙም የምህንድስና ንድፍ ይባላል።

ያደግሁት በነገሌ ቦረና ነው። ነገሌ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። በገበያዋ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ በአንድነት ይሰማሉ፤ ሻጭና ገዢም በአንዱ ባይግባቡ በሌላው ይግባባሉ። ነገር ግን ሦስቱንም ቋንቋዎች አቀላጥፎ የሚናገር ሰው እንኳ፣ የአንድ የተሰበረ ብረት ቅርጽና ልክ በሩቅ ከተማ ለሚገኝ ሠራተኛ በቃል እንዲያስረዳ ቢጠየቅ ይቸገራል። በዚያ አገር ለሚኖር ሰው የመለዋወጫ ዕቃ እጦት አንድ ችግር ነው፤ የጎደለውን ነገር ለሚሠራለት ሰው በትክክል ማስረዳት አለመቻል ደግሞ ሁለተኛ ችግር ነው። የመጀመሪያውን ችግር አንድ ተማሪ ብቻውን ሊያስወግደው አይችልም። ሁለተኛውን ግን በአንድ እርሳስና በአንድ ወረቀት ሊያስወግደው ይችላል።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ ከከተማዋ ታሪክ አንድ ማስረጃ ልጥቀስ። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ የነበረው የምድር ጦር ብርጌድ ወታደሮች አመፁ። ምግባቸው የከፋ ነበር፤ በዚያ ላይ የውሃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ ሳለ፣ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው። ጉዳዩን እንዲመረምሩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን ጄኔራልም ወታደሮቹ ይዘው፣ እነርሱ ከሚበሉትና ከሚጠጡት እንዲቀምሱ አስገደዷቸው። የዚያ ዓመት አብዮት ብዙና ሥር የሰደዱ ምክንያቶች ነበሩት፤ በአንድ ፓምፕ ብቻ መጣ የሚል የለም። ሆኖም የታሪክ ጸሐፊዎች የአብዮቱን መባቻ ሲተርኩ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ከነገሌ ጉድጓድ ይጀምራሉ። በቆላ አገር የፓምፕ መሰበር ምን ያህል ነገር ሊያስከትል እንደሚችል ከዚህ ትረዳላችሁ።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልመለስ። ንድፍን ያስተማሩን መምህር በመጀመሪያው ቀን በሥዕልና በንድፍ መካከል ያለውን ልዩነት አስረዱን። ሠዓሊ አንድን ዕቃ ለዓይን እንደሚታየው ይሥለዋል፤ የራቀውን ያሳንሳል፤ የቀረበውን ያተልቃል፤ ብርሃንና ጥላ ይጨምርበታል። ነዳፊ ግን ዕቃው በእርግጥ እንዳለ ያስቀምጠዋል። ርቀት ልኩን አያሳንሰውም፤ ጥላም አይሸፍነውም። ሥዕልን ያየ ሰው ይደሰታል ወይም ያዝናል፤ ንድፍን ያየ ሰው ግን ዕቃውን መሥራት መቻል አለበት። መሥራት ካልቻለ ንድፉ ምንም ያህል ቢያምር ከንቱ ነው።

ቀጥለውም አንድ የክብሪት ቀፎ በጠረጴዛ ላይ አኖሩና፣ ከፊት ለፊት፣ ከላይና ከጎን ሦስት ጊዜ እንድንመለከተው አዘዙን። ከየአቅጣጫው የታየን ነገር አራት ማዕዘን ብቻ ነበር፤ ግን የሦስቱ አራት ማዕዘኖች ልክ የተለያየ ነው። የፊቱ ገጽታ ርዝመትንና ከፍታን ይነግረናል፤ የላዩ ገጽታ ርዝመትንና ስፋትን፤ የጎኑ ደግሞ ስፋትንና ከፍታን። አንዱ ገጽታ ብቻውን ስለ ቀፎው ሙሉ እውነት አይናገርም። ሦስቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ግን ቀፎውን አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ በአእምሮው ሊያቆመው ይችላል።

የዚህ ቋንቋ ሥርዓተ ነጥብ መስመር ነው። ወፍራምና ያልተቋረጠ መስመር ለዓይን የሚታየውን ጠርዝ ያመለክታል። የተቆራረጠ መስመር በስተጀርባ ወይም በውስጥ ያለውን ስውር ጠርዝ ይገልጻል። ረጅምና አጭር እየተፈራረቀ የሚሄድ ቀጭን መስመር የክብ ነገርን መካከል ያሳያል። ሁለት ጫፎቹ ቀስት ያላቸው ቀጭን መስመር ደግሞ ልክ የሚጻፍበት ነው። በጽሑፍ አራት ነጥብን በነጠላ ሰረዝ ቦታ ብታስቀምጡ የዓረፍተ ነገሩ ትርጉም እንደሚዛባ ሁሉ፣ በተቆራረጠው መስመር ቦታ ያልተቋረጠውን ብታሰምሩ ቀዳዳው ጉብታ ሆኖ ሊሠራ ይችላል።

እርሳሱም እንደ መስመሩ ይመረጣል። 2ኤች የተባለው ጠንካራ ስለሆነ ለቀጭን መስመር ይውላል፤ ኤችቢ ለስላሳ በመሆኑ ወፍራሙን ለማድመቅ ይመቻል። ወረቀቱም ልክ አለው፤ ኤ4 የሚባለው 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ልክ ለምን እንደሚያስፈልግ የተረዳሁት መምህራችን የቦረናን ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ እንድንነድፍ ባዘዙን ጊዜ ነው።

በዱብሉቅና በሌሎችም የቦረና ስፍራዎች ቱላ የሚባሉ ጥንታዊ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ፤ ሕዝቡም ዘጠኙ ቱላ እያለ ይጠራቸዋል። እስከ 30 ሜትር የሚጠልቁም ይገኙባቸዋል። ወጣቶች በጉድጓዱ ውስጥ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው በመቆም፣ ውሃውን በመቅጃ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ በዜማ እየተቀኙ ወደ ገንዳው ያደርሱታል። ከብቱ ደግሞ ከመሬት ወለል ዝቅ ብሎ በተቆፈረ ዘቅዛቃ መንገድ ወርዶ ከገንዳው ይጠጣል። የውሃውን ተራ የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ነው፤ ማንም ከተራው አይቀድምም።

ይህን ሁሉ ከላይ ሆኖ የሚመለከት ሰው የሚያየው አንድ ዘቅዛቃ መንገድና አንድ ጨለማ ቀዳዳ ብቻ ነው። ጥልቀቱም፣ ሰዎቹ የሚቆሙባቸው እርከኖችም፣ የገንዳው አቀማመጥም አይታዩም። እዚህ ላይ መምህራችን ቁርጥ ገጽታ የሚባለውን ዘዴ አስተማሩን። ፓፓያን ለሁለት ስትከፍሉት ሥጋውና ፍሬው እንደሚታይ ሁሉ፣ ጉድጓዱን ከላይ እስከ ታች በአሳብ ሰንጥቀን ውስጡን በወረቀት ላይ አወጣነው። በመጀመሪያ ያሰብነው 1 ለ100 በሆነ መስፈርት ለመንደፍ ነበር። ነገር ግን 30 ሜትር በዚህ መስፈርት 300 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የወረቀታችን ርዝመት ደግሞ 297 ነው። ስለዚህ 1 ለ200 የሆነውን መረጥን፤ ጉድጓዱም 15 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በወረቀቱ ላይ ዐረፈ። ከሕፃንነታችን ጀምሮ ወሬውን ስንሰማ የኖርነውን ነገር ያን ቀን በልኩ አየነው። የገንዳው ቁልቁለት፣ የአንዱ እርከን ከሌላው መራቅ፣ የሰው ክንድ ርዝመት፣ ሁሉም በሚገባ የታሰበበት ሥራ መሆኑ ተገለጸልን። ጉድጓዶቹን የቆፈሩት ሰዎች በወረቀት ላይ አልነደፉም፤ ንድፉ በአእምሯቸውና በልማዳቸው ውስጥ ነበረ። የእኛ ወረቀት የእነርሱን ብልሃት ለማያውቅ ሰው አስነበበልን።

ይህ የተሠራው በማስመሪያ፣ በኮምፓስና በሰሌዳ ነበር። ከዚህ ሌላ በባዶ እጅ የሚሠራ ፈጣን ንድፍ አለ፤ በኑሮ ውስጥ ይበልጥ የጠቀመኝም እርሱ ነው። የዚህ ሕግ ጥቂት ነው። በመጀመሪያ ዕቃውን ሳይጣደፉ ማየት፤ ቀጥሎ ከፍታው የስፋቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ መገመት፤ ከዚያም ፈዘዝ ባሉ መስመሮች ሣጥኑን ማስቀመጥ፤ የመካከል መስመሮችን ማስመር፤ በመጨረሻ ትክክለኛዎቹን ጠርዞች ማድመቅና ልክ መጻፍ ነው። መስመሩ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ግድ የለም። ቁጥሩ ግን መሳሳት የለበትም።

አንድ ጊዜ በሰፈራችን የሚገኝ የውሃ ፓምፕ ቱቦውን የሚያያይዘው ክብ ብረት ተሰነጠቀ። ብረቱ በዙሪያው የብሎን ቀዳዳዎች ያሉት ሰሌዳ ነው። ሴቶችና ልጆች ጀሪካን ይዘው ወደ ሩቅ ምንጭ መመላለስ ጀመሩ። በከተማው ተመሳሳይ ብረት አልተገኘም። የተሰነጠቀውን ብረት ነቅሎ መላክ ደግሞ አልተፈለገም፤ ጥበቃው በሽቦ አስሮት ጥቂትም ቢሆን ውሃ ይሰጥ ነበርና። ስለዚህ ልኩን ወስጄ እንድነድፈው ተጠየቅሁ።

የውጭው ክብ አጋማሽ አቋራጭ 200 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 20፣ የመካከሉ ቀዳዳ 90 ነበር። የብሎን ቀዳዳዎቹ 8 ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 18 ሚሊ ሜትር ይሰፋሉ። አስቸጋሪው ነገር ስምንቱ ቀዳዳዎች የተደረደሩበትን ክብ መለካት ነው፤ ይህ ክብ በብረቱ ላይ አይታይምና፤ የመሀሉም ነጥብ ባዶ ቀዳዳ ነው። ዘዴው ግን ቀላል ነው። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ቀዳዳዎችን ወስዳችሁ፣ ከአንዱ የውስጥ ጠርዝ እስከ ሌላው የውስጥ ጠርዝ ትለካላችሁ፤ 142 አገኘሁ። በዚያ ላይ የአንድ ቀዳዳ ስፋት፣ 18፣ ሲደመር 160 ይሆናል። የማይታየው ክብ ልክ ይኸው ነው። ስምንት ቀዳዳዎች ክቡን እኩል ስለሚከፍሉት በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ያለው ማዕዘን 45 ዲግሪ ነው።

ወረቀቱ ላይ ሁለት ገጽታ ብቻ ነደፍሁ፤ የፊት ገጽታውንና ውፍረቱን የሚያሳየውን ቁርጥ ገጽታ። ወረቀቱ በአንድ የጭነት መኪና ሾፌር እጅ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሻሸመኔ በሚገኝ አንድ ቶርኖ ቤት ደረሰ። ሠራተኛውን አላውቀውም፤ እርሱም አያውቀኝም። በሾፌሩ በኩል የላከልኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ስንት ይሠራ የሚል ነው። ብረቱ በመጣ ጊዜ ስምንቱም ብሎኖች ያለ መዶሻ ገቡ። ያን ዕለት የተሰማኝን ደስታ በሌላ ሥራ እምብዛም አላገኘሁትም። በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአባቶች ብሂል ለመስመርም እንደሚሠራ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ በሌለሁበት ወረቀቱ ተናግሮልኛልና።

ይህ የጋራ ቋንቋ በአንድ ቀን አልተፈጠረም። ፈረንሳዊው ጋስፓር ሞንዥ የጠጣር ነገሮችን ገጽታ በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ በሥርዓት የማስቀመጥን ጥበብ አዘጋጀ። ጥበቡ ለምሽግ ሥራ ይውል ስለነበረ ለዓመታት በወታደራዊ ምስጢርነት ተጠብቆ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ1795 ግን ሞንዥ በፓሪስ በይፋ አስተማረው። ከዚያ ወዲህ አገሮች ሕጎቹን እያስማሙ መጡ። ዛሬም የተረፈ ልዩነት አለ፤ በአውሮፓ ልማድ የላዩ ገጽታ ከፊቱ ገጽታ በታች ሲቀመጥ፣ በአሜሪካ ልማድ ከበላዩ ይቀመጣል። ስለዚህ ነዳፊ የትኛውን እንደተከተለ በምልክት ማሳወቅ ይገባዋል።

ምስጢር የነበረው ነገር የሁሉም ሲሆን ምን እንደሚጠቅም በአፍሪካ ምድር የታየ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በኬንያና በማላዊ በተደረጉ ሙከራዎች የዳበረውና በአገራችንም ገጠሮች የሚሠራበት አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ፣ ንድፉ የማንም የግል ንብረት አይደለም። የእያንዳንዱ ክፍል ልክ በግልጽ ስለታተመ የትኛውም ወርክሾፕ ሊሠራው ይችላል። ንድፉን ማንበብ የሚችል ሰው ባለበት ሰፈር አንድ ማጠቢያ ቢያልቅ ወይም አንድ ዘንግ ቢታጠፍ ፓምፑ ለዘለዓለም ቆሞ አይቀርም።

በኮምፒዩተር መንደፍን የተማርሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄጄ ነው። የዚህን ዘዴ ፋና የወጋው አሜሪካዊው አይቫን ሰዘርላንድ ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በመስታወት ላይ በብርሃን ብዕር መስመር የሚሰመርበትን ፕሮግራም ሠራ። ስሙን ስኬችፓድ አለው፤ ትርጉሙም የእጅ ንድፍ ደብተር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ አውቶካድ የተባለው ፕሮግራም ወጥቶ፣ ሥራው በትንንሽ ኮምፒዩተሮች ላይ እየተስፋፋ ሄደ።

የኮምፒዩተርን ጥቅም ለማሳነስ አልፈልግም። በቀለም የተሠራ ንድፍ ሲሳሳት በምላጭ እየፋቁ ማረም የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ይህን አያደርግም። ያንን ክብ ብረት በማስመሪያና በኮምፓስ አስተካክሎ ለማውጣት አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በኮምፒዩተር ግን አንድ ቀዳዳ ከነደፉ በኋላ በክቡ ዙሪያ ስምንት ጊዜ እንዲደግመው ማዘዝ ይበቃል። ዕቃውን በሙሉ ልኩ ይነድፉታል፤ መስፈርት የሚመርጡት ለማተም ሲፈልጉ ነው። የውሃውን ቱቦ፣ የመብራቱን ሽቦና ግድግዳውን እንደ ተነባበሩ ስስ ወረቀቶች ለየብቻ አስቀምጦ፣ የፈለጉትን ማሳየትና የቀረውን መሸሸግ ይቻላል። የጭነት መኪና ሾፌር ሳይጠበቅም ንድፉ በስልክ በደቂቃ ውስጥ ከነገሌ ሻሸመኔ ይደርሳል።

ነገር ግን ኮምፒዩተር የታዘዘውን ይፈጽማል እንጂ ያሰባችሁትን አያውቅም። 160 በማለት ፋንታ 16 ብትጽፉለት ያለ ተቃውሞ ይሠራዋል፤ ያውም እጅግ ባማረ መስመር። ወደ ማርስ የተላከች አንዲት የአሜሪካ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1999 የጠፋችው፣ አንዱ ወገን በእንግሊዝ መለኪያ ያሰላውን ቁጥር ሌላው ወገን በሜትሪክ መለኪያ የተሰላ አድርጎ ስለወሰደው ነው። ኮምፒዩተሮቹ ስሌታቸውን ሠርተዋል፤ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልጠየቁም። የሚጠይቅ የሰው ዓይን ነው። ያ ዓይን የሚሠለጥነው ደግሞ ዕቃውን በእጅ ዳስሶ፣ በካሊፐር ለክቶ፣ በእርሳስ ሲነድፍ ነው።

አንዳንድ ሰዎች የእጅ ንድፍ ጊዜው አልፎበታል ይላሉ። ሰሌዳውና ረጅሙ ማስመሪያ ከቢሮዎች እንደወጡ እኔም አልክድም፤ ተመልሰው ይምጡም አልልም። የምከራከረው ስለ ባዶ እጁ ንድፍ ነው። ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ መብራት በሌለበት፣ ሜካኒኩ ኩሽኔታውን ፈትቶ በሚጠብቅበት ሰዓት፣ ከእርሳስና ከወረቀት የሚቀድም መሣሪያ የለም። በኮምፒዩተር የሚሠሩ ጎበዝ መሐንዲሶችም ብዙዎቹ ሐሳባቸውን በመጀመሪያ በወረቀት ላይ ሲጭሩ አይቻለሁ። በቅድሚያ እጅ፣ ቀጥሎ ኮምፒዩተር፤ ይህ ቅደም ተከተል ለእኔ ጠቅሞኛል።

ዛሬ ለእናንተ መንገዱ ከእኔ ዘመን ይልቅ ቀርቧል። የምህንድስና ትምህርት በቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲም ይሰጣል። ሊብሬካድና ፍሪካድ የተባሉት የንድፍ ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ ይገኛሉ። በ2012 ዓ.ም. በገናሌ ወንዝ ላይ የተመረቀው፣ ግድቡ 110 ሜትር ከፍታ ያለውና 254 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም የተሰጠው የገናሌ ዳዋ 3 የኃይል ማመንጫ በእኛው ቆላ ነው የተሠራው። እንዲህ ያለ ሥራ አንድ ድንጋይ ሳይነሣ አስቀድሞ በንድፍ ያልቃል። ወደ ፊት በዚያ ምድር የሚሠራውን የሚነድፉት ከነገሌ፣ ከያቤሎና ከሞያሌ ትምህርት ቤቶች የወጡ ልጆች ቢሆኑ፣ የአገሩን ውሃና አፈር የሚያውቅ ዓይን ከመስመሩ ጋር ይገናኛል።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ የዩኒቨርሲቲ ደጅ እስኪከፈትላችሁ አትጠብቁ። ከቤታችሁ አንድ ዕቃ ምረጡ፤ የበር ማጠፊያ ቢሆን፣ የክራር ቅኝት መጠምዘዣ ቢሆን፣ የጀሪካን ክዳን ቢሆን። ሦስቱን ገጽታዎች በባዶ እጅ ንደፉ፤ ልኩንም በሚሊ ሜትር ጻፉ። ከዚያም ዕቃውን ላላየ ጓደኛችሁ ወረቀቱን ብቻ ስጡትና፣ ምንም ሳትነግሩት በካርቶን ወይም በጭቃ እንዲሠራው ጠይቁት። በሚሠራበት ጊዜ አፋችሁን ያዙ። ሠርቶ ያመጣላችሁን ከዋናው ዕቃ ጎን አስቀምጡና ለኩ። የሚለያዩበትን ቦታ ስታገኙ ከወረቀቱ ላይ የጎደለውን መስመር ወይም ቁጥር ፈልጉ፤ ጨምሩበትም፤ ወረቀቱንም ለሌላ ጓደኛ ስጡ።